የክት መደገፊያ

ሞጣ ገበያ ዳር ባለ አንድ በረንዳ ላይ ሁለት የስፌት መኪናዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የቀኙ የፈንታነሽ ነው፣ የግራው የከማሉዲን። እሷ በበዓል ቀን መኪናዋን ሸፍና ወደ ጊዮርጊስ ስትሄድ በረንዳውን እሱ ይጠብቃል፤ እሱ ዓርብ ቀትር ላይ ወደ መስጊድ ሲሄድ ደንበኞቹን እሷ ታስተናግዳለች። ሲነታረኩ የሰማ እንግዳ ግን እነዚህ ሰዎች ነገ ፍርድ ቤት ይገናኛሉ ብሎ ይምላል። እሷ እሱ የሰፋውን ሱሪ "ጆንያ" ትለዋለች፤ እሱ የእሷን አንገትጌ "ቀንበር" ይለዋል። ከዚያ አብረው ሻይ ይጠጣሉ።

ፈንታነሽ ባሏ በወጣትነቱ ሞቶባት አንድ ልጇን ትህትናን ያሳደገችው በዚያች መኪና ነው። ልጅቱም አላሳፈረቻትም። መምህርት ሆና ብቸና ተመደበች፤ እዚያው ከፋለ የሚባል ጨዋ መምህር አገኘች፤ ሽማግሌ ተላከ፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። እናት ከዚህ በላይ ምን ትሻለች? ፈንታነሽ ግን አንድ ነገር ትሻ ነበር፤ የልጇን የሠርግ ቀሚስ በገዛ እጇ ቆርጣ በገዛ እጇ መስፋት። የስንቱን ሰው ሙሽራ አልብሳ ስታበቃ የራሷን ልጅ ለሌላ ሰፊ አሳልፋ ልትሰጥ? እሷ በቁሟ! አይደረግም።

ችግሩ እጇ ነበር። ይህ የሆነው የሚሊኒየሙ በዓል ባለፈ በዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መቀስ ሲጨብጥ የኖረው የቀኝ እጇ አንጓ አመፀ። መጀመሪያ ጣቶቿን ያደነዝዛት ጀመር፤ ቀጥሎ ከአውራ ጣቷ ሥር ተነስቶ እስከ ክርኗ የሚዘልቅ ውጋት አመጣባት። ድስት ስታነሳ ያማታል፤ የበር ቁልፍ ስታዞር ያማታል፤ ትልቁን የብረት መቀስ ጨብጣ ጨርቅ ስትቆርጥማ አይወራም። ወጌሻ ጋ ሄደች። ወጌሻው "ወለምታ ነው" ብሎ ቅቤ ቀባና አሻት፣ ጎተተላት፤ እንኳን ሊሻላት ጭራሽ ማንኪያ መያዝ ተሳናት። ጠበል ገባች። እውነቱን ለመናገር ጠበሉ በጎ አድርጎላት ነበር፤ ሱባዔዋን ጨርሳ ወደ መቀሷ ስትመለስ ግን ሕመሙም አብሯት ተመለሰ።

ጨቅጭቆ ጨቅጭቆ ባሕር ዳር የላካት ከማሉዲን ነው። "መኪናሽ ሲበላሽ የሚያውቅበት ሰው ፈልገሽ ታሳያለሽ፤ እጅሽ ሲበላሽ ግን ቅቤ ትቀቢያለሽ። ፈንቴ፣ አንቺ ዶሮ ወጥ ነሽ እንዴ?"

ባሕር ዳር ያገኘቻት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልጇን የምታክል ቀጭን ልጅ ነበረች። እጇን አገላብጣ አየችው፣ ጣቷን አሳጠፈቻት፣ ሥራዋን ጠየቀቻት። "አጥንትዎ ደህና ነው፤ ጅማቱ ነው የደከመው። አንድ ዓይነት ሥራ እየደጋገመ ስለኖረ ነው" አለቻት። ከዚያ ጥቁር የእጅ አንጓ መደገፊያ አወጣች። በውስጡ ስስ ብረት የገባበት፣ አውራ ጣትን በቀዳዳው አሳልፎ በተለጣፊ ማሰሪያ የሚጠብቅ፣ ሲላቀቅ "ጨርርር!" የሚል ነገር ነው። "ሲሠሩ ያድርጉት፣ ሲተኙም ያድርጉት። አንጓዎ ቀና ብሎ እንዲያርፍ ነው። በየመካከሉ መቀሱን አስቀምጠው እጅዎን ያሳርፉ" ብላ መከረቻት።

ፈንታነሽ መርቃት ወጣች። ልብስ ሰፊ ናትና መንገዱን ሁሉ መደገፊያውን እያገላበጠች ስፌቱን ስታይ መጣች። ስፌቱ ጥብቅ ነው፣ ጠርዙ ድርብ ነው፤ ወደደችው።

ሞጣ መናኸሪያ መደገፊያውን አጥልቃ ከአውቶቡስ ስትወርድ መጀመሪያ ያገኘችው ይርጋነሽን ነው። ይርጋነሽ የሰፈሯ ሴት ናት፤ ደግ ሰው ናት፤ ወሬ ግን አፏ ውስጥ አያድርም።

"ውይ በሞትኩት! ፈንቴ! ተሰበረ?"

"ኧረ አልተሰበረም። መደገፊያ ነው።"

"ካልተሰበረ ምኑ ይደገፋል?" አለችና ከንፈሯን መጠጠች።

ፈንታነሽ ቤቷ ሳትደርስ ወሬው ቀድሟት ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር፤ ዳቦ የያዘ አለ፣ ጠላ የያዘ አለ፣ ባዶ እጁን መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ የሚተክዝም አለ። "እንኳን እግርሽ አልሆነ።" "እንኳን ነፍስሽን አተረፈልን።" "የአክስቴንም ልጅ እንዲሁ እጁን አስረውት ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።" እሷ "ጅማት ነው፣ ደህና ነኝ" ብትል ማን ይስማት? በሽተኛ ደህና ነኝ ሲል በረታ ይባላል እንጂ አይታመንም። የመጣላትን ዳቦ ለጠያቂዎቿ ቆርሳ ያቀረበችውም፣ ጠላውን የቀዳችውም ራሷ ናት፤ በዚያው በታመመው እጇ።

ይህስ ባልከፋ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ለገናና ለጥምቀት የሚሰፋ ጨርቅ በረንዳውን የሚያጥለቀልቅበት። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" በሚባልበት አገር እጇ የታሰረ ሰፊ ማን ያምናል? በማግስቱ ይርጋነሽ ራሷ መጣች። "እመቤቴ ትማርሽ፣ ፈንቴ። አንቺንስ አላስቸግርሽም" ብላ ጨርቋን አነሳችና አንድ እርምጃ ተራምዳ ለከማሉዲን ሰጠችው። አንድ እርምጃ! ከዚያ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያም ሌላዋ። ፈንታነሽ ጨርቆቿ ከቀኝ መኪና ወደ ግራ መኪና ሲሰደዱ ቁጭ ብላ ታያለች። ከማሉዲን በሃፍረት አንገቱን ሰብሮ "ኧረ እሷው ትሰፋላችኋለች" ቢል የሚሰማው አላገኘም።

ፈንታነሽ ተናደደች። በማን? በከማሉዲን! ሰው ሲናደድ ቅርቡ ያለውን ነው የሚነክሰው።

"ይኸው፣ ደስ ይበልህ!"

"እኔ ምን አደረግኩ?"

"ባሕር ዳር ሂጂ ያልከኝ ማን ሆነና!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈችው። ቤቷ ገብታም መደገፊያውን "ጨርርር" አድርጋ ፈታችና አጥፋ በሳጥኗ ውስጥ፣ ከክት ቀሚሷና ከክት ነጠላዋ ጎን አስቀመጠችው። ደግሞስ ከባሕር ዳር የመጣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ዕቃ በዘይትና በክር ብናኝ ይቆሽሽ? አንጀቷ አልቻለም። ደንበኛ በማያየኝ ቀን፣ በእሑድና በበዓል አደርገዋለሁ አለች። የክትና የዘወትር ለይቶ ያደገ ሰው ጥሩ ነገር ሲያገኝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ማን ይፈርድባታል?

እናም በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በመድኃኔዓለም፣ ፈንታነሽ ነጠላዋን አጣፍታ መደገፊያዋን አጥልቃ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ፣ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ቆሞ ሳለ፣ ማሰሪያው ጠበቀባትና ልታላላው ሳብ አደረገችው። "ጨርርርር!" አለ። ዲያቆኑ ዞር አለ። ከጎኗ የቆሙ አሮጊት የእሳቸው ቀሚስ የተተረተረ መስሏቸው ጀርባቸውን ዳበሱ። ፈንታነሽ ቅዳሴው እስኪያልቅ አንገቷን አላቀናችም።

ሰኞ ሲሆን መደገፊያው ወደ ሳጥኑ፣ እጇ ወደ መቀሱ፣ ሕመሙም ወደ ቦታው ይመለሳል።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ከብቸና ዕቃ መጣ። በአውቶቡስ የተላከ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ለሙሽራዋ ቀሚስ የሚሆን ሸማ ነው። የላኩት የከፋለ እናት ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ናቸው፤ ፈትሉም የራሳቸው። "እናቷ በእጇ ትስፋላት" ብለዋል። ፈንታነሽ ሸማውን ዘርግታ በጣቷ ዳበሰችው። ስንት ሸማ ያለፈበት እጅ ነው እጇ፤ እንዲህ ቀጭን፣ እንዲህ እኩል የሆነ ፈትል ግን ነክታ አታውቅም። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቅማ ነው። ቢያበላሹት የማይተካ ነገር ነው።

ከሴትዮዋ ጋር ደግሞ ቅሬታ ነበራት። በጥቅምት ለመተዋወቅ ብቸና ቤታቸው ሄዳለች፤ የጉንደ ወይን መንገድ ወገቧን ቆራርጧት ነው የደረሰችው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ደጃፍ ድረስ ወጥተው ተቀበሏት። ፈንታነሽ እጇ እያመማት እንኳ ዝቅ ብላ መዳፏን ብትዘረጋ፣ እሳቸው ክንዳቸውን ሰጧት! በአገሩ ደንብ ክንድ የሚሰጥ እጁ ሊጥ የነካው ወይም ውኃ ያለበት ሰው ነው። የሴትዮዋ እጅ ግን ደረቅ ነበር፣ ንጹሕ ነበር፤ ፈንታነሽ በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች። የልብስ ሰፊ መዳፍ ተጠየፉ አለች በልቧ፤ ያን ዕለት የቋጠረችውን ቂም እስከ ዛሬ አልፈታችውም። እንግዲህ የእኚህን ሴት ፈትል አጣማ ቆርጣ ስትገኝ ይታያችሁ።

ሸማውን በየቀኑ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች። ልኩን ትለካለች፣ በሳሙና ስባሪ ምልክት ታደርጋለች፣ መቀሱን ታነሳለች፣ ከዚያ መልሳ ታጥፈዋለች። አንድ ማለዳ ግን ደንበኛ ሳይመጣ፣ የመጣው ይምጣ ብላ መቀሱን ከፈተች። መክፈቱን ከፈተችው፤ መዝጋት አቃታት። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። መቀሱ ከእጇ አምልጦ ከሸማው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ፈንታነሽ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከማሉዲን ከመኪናው ቀና ሳይል "ያ ጥቁር ነገርሽ የታለ?" አላት። ካኮረፈችው ወዲህ እርስ በርሳቸው ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

"ሳጥን ውስጥ ነው።"

"ምን ይሠራል ሳጥን ውስጥ?"

"የክት ነው" አለች አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርዝ እየጠረገች። "በበዓል በበዓል ነው የማደርገው።"

የከማሉዲን መኪና ቆመ። እንባዋን አይቶ ሊታገስ ሞከረ፤ አልቻለም፣ ሳቁ አመለጠው።

"ወላሂ ፈንቴ! በበዓል ቀን ሥራ አለሽ?"

"የለኝም።"

"እጅሽ ያርፋል?"

"ያርፋል።"

"እና ያረፈውን እጅ ነው የምታሳርፊው? ዝናቡ ካባራ በኋላ ጃንጥላ መዘርጋት ማለት ይሄ ነው!"

ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ነገሩ ግን እውነት ነው። እሷም ሳቋ መጣ፤ እንባዋ ሳይደርቅ ከት ብላ ሳቀች። ሲበቃት "ሰውስ?" አለችው። "ያን ነገር ሲያይብኝ ጨርቁን ሁሉ ላንተ ነው የሚያሸክምህ።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አንቺ ሂጂና አምጪው። ሰውን ለእኔ ተይው።"

በማግስቱ መደገፊያዋን አጥልቃ ስትመጣ ከማሉዲን ቀድሟት ተቀምጧል። ቀኝ እጁን አየችና ደነገጠች። ከአሮጌ ጥቁር ሱሪ የተቆረጠ፣ በቁልፍ የሚታሰር፣ ቁርጥ የእሷን የመሰለ መደገፊያ አጥልቋል።

"አንተ! ምን ሆንክ? አመመህ?"

"ምንም አልሆንኩ። ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ።"

ትንሽ ቆይቶ ይርጋነሽ ጨርቋ የት እንደደረሰ ልታይ መጣች። ዓይኗ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተንከራተተ። "ምነው፣ ሁለታችሁም ተሰበራችሁ?"

"ምን ስብራት ታመጪብናለሽ?" አለ ከማሉዲን ኮስተር ብሎ። "ለእግርሽ ጫማ አታደርጊም? ይሄም የልብስ ሰፊ እጅ መጠበቂያ ነው። ሰፊ ሳይታመም ቢያደርገው ይጠበቃል፣ ታሞ ቢያደርገው ይድናል። የሌለው ሰፊ ነው የሚያሳዝነው።"

ወሬ አፏ ውስጥ የማያድር ሴትም አንዳንዴ ትጠቅማለች። ሳምንት ሳይሞላ ገበያው ሁሉ ሰማ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰፊ ቀንቶ ከአሮጌ ካልሲ ቆርጦ አጠለቀ፤ "ያንተው ደግሞ ይሸታል" ብለው አሾፉበት። ጨርቆቹም ከግራ መኪና ወደ ቀኝ መኪና ይመለሱ ጀመር። ከባድ ከባዱን ቆረጣ ከማሉዲን ወሰደላት፤ በእግሯ እየረገጠች መስፋቱን እሷ ያዘች። ስትሠራ ታስረዋለች፣ ስትተኛ ታስረዋለች፣ በየመካከሉ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታሳርፋለች። ውጋቱም በአንድ ጊዜ ጥሏት ባይሄድም እየላላ መጣ። የልጇን ሸማ ግን ቁረጥልኝ አላለችውም፤ እሱም ልቁረጥልሽ አላላት። ሁለቱም ነገሩን ያውቁታል።

እሷ ግን ፈራች። ገና እስኪያልፍ ሸማውን አልነካችውም። ትናንት የከዳት እጅ ዛሬስ ላለመክዳቱ ማን ዋስ ይሆናል?

ገና እንዳለፈ፣ ጥምቀት ሳይደርስ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ፈንታነሽ እንደገና ደፍራ ሸማውን ዘርግታ ቆማ ታየዋለች። ቀና ስትል አቧራ የለበሱ፣ ረዘም ቀጠን ያሉ ሴት በረንዳው ፊት ቆመዋል። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ! ያልተቆረጠው ሸማ ጠረጴዛው ላይ፣ ያ ጥቁር ነገር እጇ ላይ። እሳቸው ደግሞ ከብቸና ድረስ የመጡት ቀሚሱን ለማየት ነው።

እጇን ከነጠላዋ ሥር ልትከት አሰበች። ከዚያ፣ ምን አባቱ፣ እንደሆንኩ ይዩኝ አለች። ተነስታ፣ መዳፏ ታስሯልና፣ ክንዷን ዘረጋች። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴም ክንዳቸውን ዘረጉ። ማን የማንን ይያዝ? ሁለት ክንድ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከማሉዲን መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ መስሎ አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"ያን ጊዜም ክንድዎን ነበር የሰጡኝ" አለች ፈንታነሽ። ከአፏ አመለጣት።

ሴትዮዋ አልሰሟትም። ዓይናቸው መደገፊያው ላይ ነው። "ይሄ ምንድን ነው?"

"የእጅ መደገፊያ ነው፣ እትዬ። አንጓዬን አሞኝ ነው።"

"ከአውራ ጣትሽ ሥር ይነሳል?"

"አዎ።"

"እስከ ክርንሽ ይወጣል?"

"እስከ ክርኔ። እንዴት አወቁ?"

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ታቀፉት። "እንዝርት ሳሽከረክር ነው የጀመረኝ። አሁን ሰው መዳፌን ጨበጥ ሲያደርገኝ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ክንዴን እሰጣለሁ። ኮራች ይሉኛል፤ ይበሉ። አመመኝ ብልማ እንዝርቴን ይቀሙኛል።"

የፈንታነሽ ፊት በሃፍረት ጋለ። "እኔም ብያለሁ" አለች። "የልብስ ሰፊ መዳፍ ተጠየፉ ብዬ ቂም ይዤብዎት ነበር።"

"እኔ? አንቺን?" ሴትዮዋ ቀና አሉ። "ያንን ሸማ የፈተልኩት ጥርሴን ነክሼ ነው። ሌላ ሰው ይፍተልልሽ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ለልጄ ሚስት ነዋ! ሰው ከፈተለውማ እኔ ምኑን ሰጠኋት?"

ፈንታነሽ ሸማውን ዳበሰችው። ያ ሁሉ እኩል ፈትል እንዲህ ካለ እጅ የወጣ ነው። "ታዲያ እኔም ያው ነኝ" አለች። "ሌላ ሰው አይቆርጠውም ብዬ፣ እኔም መቁረጥ አቅቶኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ። የእርስዎን ፈትል አበላሻለሁ ብዬ ፈራሁ።"

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ተነሱ። የሸማውን ጫፍ በግራ እጃቸው ያዙና ወጠር አደረጉት። "ቁረጪው። ቢጣመምም ፈትሉ የኔ፣ መቀሱ ያንቺ፤ ማን ይፈርድብናል? እኔ እይዝልሻለሁ።"

መቀሱን አነሳች። መደገፊያው አንጓዋን ቀጥ አድርጎ ያዘላት። ከፈተችው፤ ዘጋችው። ቆረጠ! ጥቂት ትቆርጣለች፣ መቀሱን ታስቀምጣለች፣ ትተነፍሳለች፤ እንደገና ታነሳለች። ከማሉዲን ሳይጠሩት መጥቶ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ገበያተኛው ምን ተፈጠረ ብሎ ከበባቸው፤ ይርጋነሽ ከሁሉም ፊት ናት። የመጨረሻው ጥግ ተቆርጦ ሲለያይ መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሀል "እልልልል!" አሉ። ይርጋነሽ ምን እንደሆነ ሳይገባት ተቀበለቻቸው።

በዚያው ሰሞን ፈንታነሽ የራሷን መደገፊያ እንደ ልክ አስቀምጣ ለሴትዮዋ አንድ ሰፋች። ላዩ ከሙሽራዋ ሸማ ቁራጭ ነው፣ ጠርዙ ላይ ያው አረንጓዴና ወርቅማ ጥለት አለበት። ብረቱን ከማሉዲን ከተሰበረ የብረት ማስመሪያው ቆርጦ፣ ጠርዙን ሞርዶ ሰጣት። እሷም ጥለቱ እንዳያታልላቸው አስጠንቅቃ ነው የላከችላቸው። "የክት እንዳያደርጉት! የዘወትር ነው። ደግሞ ለጊዜው ነው፤ ባሕር ዳር ሄደው ይታዩ።" ሄደውም ታዩ፤ ያችው ቀጭን ልጅ ናት ያየቻቸው።

ሠርጉ አማረ። ቀሚሱን ያየ ሁሉ እጅ ይባረክ አለ። ሁለቱ እናቶች ዳሱ በር ላይ መደገፊያቸውን አጥልቀው ቆመው እንግዳ ሲቀበሉ ለመጣው ሁሉ ክንዳቸውን ይሰጣሉ። ከመርጡለ ማርያም የመጡት ዘመዶች ይሄ የሞጣ ደንብ ነው አሉ፤ የሞጣዎቹ የብቸና ደንብ ነው አሉ። ሥርዓት እንዳይጓደል ብለው እርስ በርሳቸውም ክንድ ለክንድ ሲሳሳሙ ዋሉ። ለሙስሊም እንግዶች በተሰናዳው ማዕድ የተቀመጠው ከማሉዲን በበኩሉ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ "አንገትጌውን አየኸው? ቀንበር እንዳይሆን የመከርኳት እኔ ነኝ" እያለ ሲያደክም ዋለ።

በዓመቱ ትህትና ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትናዋ ብቸና ነበር። ፈንታነሽ በዚያው በማይሻለው መንገድ ሄደች፤ እጇ ግን ተሽሏት መደገፊያውን ለቆረጣ ብቻ ነበር የምታደርገው። ሕፃኗ ተጠምቃ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ልጅቷን ለእናቷ አቅፈው ሰጡና ወደ ፈንታነሽ ዞሩ። "እንኳን ደስ ያለሽ፣ አያት!" ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ክንዳቸውን አይደለም። መዳፋቸውን።

ፈንታነሽ ለጊዜው ቆማ አየችው። ከዚያ የራሷን መዳፍ፣ ያማቸዋል ብላ ፈርታ፣ በቀስታ አስነካቻቸው።

"ምነው?" አሉ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ። "ተጠየፍሽኝ?"

ፈንታነሽ ሳቋ ገነፈለ። ጠበቅ አድርጋ ጨበጠቻቸው፤ እሳቸውም ጨበጧት። ሰዉ ሁሉ ወደ ድግሱ ሲሄድ ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ከኋላ ቀሩ።